መቶ አስራ ስምንት፣ ቀይ

ተማሪዬ አስር ደቂቃ አርፍዷል። ሞተሩን አጥፍቼ ተቀምጫለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ከመስታወቱ ሥር የነርስ ሰዓት ተንጠልጥሏል። ደረት ላይ የሚሰካው፣ ተገልብጦ የሚንጠለጠለው ዓይነት። የሲስተር ነው። ባለፈው ወር "ዓይኔ ቁጥሩን አላይ ብሎኛል፣ ውሰጂው" ብላ ሰጠችኝ። መንዳት የማስተምራቸው ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይሉኛል። "መንገዱን እይ" እላቸዋለሁ።

በዚህ ሰዓት የተነሳ አባቴ ሊሞት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባዬ አዘቦት ቀን ሬዲዮ ይጠግናል፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ሸክላ ያጫውታል። የምንኖረው አንድ ትልቅ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል አለን፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የሸክላዎቹ። ጠባቡ የኛ ነው። ሸክላዎቹ የዳንስ ዘፈኖች ናቸው፤ ከኮንጎ፣ ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ። አባዬ ሽፋናቸው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማይችል ራሱ ስም ያወጣላቸዋል። መሃል ላይ አንዲት ሴት የምትስቅበት የኮንጎ ዘፈን "ሳቂታዋ" ነች። የጋናው "ጋሽ ቀስ በቀስ" ነው። ከበሮው እፎይ የማይለው ደግሞ "ባቡር"። እኔ ዘመዶቻችን ይመስሉኝ ነበር።

እናቴ አልነበረችም። አምስት ዓመቴ ላይ ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም። ከዚያ ጊዜ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ ነርስ የእናቴን የእጅ አንጓ ይዛ ሰዓት ታያለች። ሁለት፣ አልጋዋ ግርጌ ካርድ በክር ተንጠልጥሏል፤ ካርዱ ላይ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ በየቀኑ ከፍ ይላል፤ መጨረሻ ላይ በቀይ ጻፉት። ከዚያ አልጋው ባዶ ሆነ።

ይሄን ያዙልኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ነጭ ገዋኗን ገና ያላወለቀች ሴት ቆማለች።

"ወንድሜ፣ አምስተኛ ፎቅ ነኝ። ከሥራ ገብቼ ልተኛ ነው። ይቺ ሴትዮ ሠላሳ ጊዜ ሳቀች። ምንድነው እንዲህ የሚያስቃት?"

"ይቅርታ እህቴ። አልገጥም ብሎኝ ነው።"

"ምኑ?"

"ሁለት ዘፈን። አንዱ ሳያልቅ ሌላው እላዩ ላይ እንዲገባ ነው የምፈልገው። ይገባና ይጋጫል።"

እስከዚያ ድረስ የአባዬ አሠራር ሌላ ነበር። ዘፈኑ ያልቃል፣ ማይክ ያነሳል፣ "አሁን ደግሞ ወደ ጋና እንሄዳለን፣ ቀበቷችሁን አጥብቁ!" ይላል፣ ሸክላ ይቀይራል። ሰው ይስቃል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ይቀመጣል። የትልቁ አዳራሽ ባለቤት ግን "ሰው አንዴ ከተቀመጠ አይነሳም" ብሎታል። "የማያስቀምጥ ዲጄ ነው የምፈልገው። በሚቀጥለው ወር አንድ እሁድ እሞክርሃለሁ። ካስደሰትከኝ እሁድ ሁሉ ያንተ ነው።" አባዬ ሬዲዮ መጠገን ሰልችቶታል። ያንን አዳራሽ እንደ ልጅ ነበር የተመኘው። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሳቂታዋ ቀኑን ሙሉ እንደምትስቅ ብቻ ነው።

ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። መሄድ ነበረባት። አልሄደችም።

"ፍጥነታቸው አንድ አይደለማ" አለች። "ቆጥረሃቸዋል?"

"ምኑ ይቆጠራል?"

ደረቷ ላይ ያለውን ሰዓት ነካ አደረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስቴ መምጣት ጀመረች። ሲስተር እንላታለን። ሸክላው ይዞራል፤ አባዬ ከዘፈኑ ጋር ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል፤ እሷ አንጓውን ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥራ በሁለት ታባዛለች።

"በጆሮሽ ብቻ አይሆንም?" አላት አባዬ የመጀመሪያ ቀን።

"በእጄ ካልዳሰስኩ መቁጠር አልችልም። የሥራ ልማድ ነው።"

ከሃያ ዓመት በኋላ ጠየቅኳት። "ውሸቴን ነበር" አለችኝ፣ ድንች እየላጠች። "ጆሮ አለኝ እኮ።"

እኔ ግን በበሩ ስንጥቅ ነው የማየው። ነርስ። አንጓ። ሰዓት። አባዬ ዝም ብሎ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እናቴም እንደዚያ ነበር የምታየው።

መጣ። ልጁ መጣ። በኋላ እመለሳለሁ።

*

ተማሪው ሦስቴ ሞተር አጠፋብኝ። ፍሪሲዮን በእግር ብቻ ሳይሆን በጆሮ ነው የሚለቀቀው ብዬ ብነግረው "ጆሮዬ ምን አገባው?" አለኝ። ሂድና ከአባቴ ጋር ተነጋገር። ቀጣይዋ እስክትመጣ ሩብ ሰዓት አለኝ።

የት ነበርኩ? ካርዱ ጋ።

ሲስተር የቆጠረችውን በእርሳስ ካርድ ላይ ትጽፍና ካርዱን በክር ሸክላው ሽፋን ላይ ታንጠለጥለዋለች። "ጋሽ ቀስ በቀስ፣ 106።" "ባቡር፣ 124።" "ሳቂታዋ፣ 118።" በሁለት በሦስት የሚለያዩትን አባዬ ያስተካክላቸዋል፤ ማጫወቻው ጎን ላይ ከፍ ዝቅ የምትል ፍጥነት መቀየሪያ አለች። ችግሩ፣ ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም ይቀጥናል። ብዙ ከገፉት ዘፋኙ ሕፃን ይሆናል።

አንድ ቀን ግን ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘፈኖች ተጣሉ። ከበሮዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ዘፋኞቹ ግን ርስት እንደሚካፈሉ ወንድማማቾች ይጮሃሉ።

"ቁጥሩ ልክ ነው እኮ!" አባዬ ጸጉሩን ያዘ።

"ቤታቸው ሌላ ነው" አለች ሲስተር። "ዘፈን ሁሉ ቤት አለው። የትም ቢዞር መጨረሻ የሚገባበት ድምፅ አለ።" ልጅ ሆና ፒያኖ ተምራለች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና የኔን መጫወቻ ፒያኖ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። ቁልፎቹ ላይ የለጠፍኩት ባለቀለም ወረቀት አለ። ዘፈኑን እያንጎራጎረች አንድ በአንድ ነካች። "ይኸው። ቀዩ ጋ ነው የሚገባው።"

"የኔ ነው!" አልኩ።

"አበድሪኝ፣ ሚጢጢ።"

"ከረሜላ ካመጣሽ።"

"ይቺ ልጅ ነጋዴ ናት" አለችው ለአባዬ። ከዚያ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች አብራ ተጫነች። ጥርሴን አሳከከኝ። "አየህ? ጎረቤታሞች ይጣላሉ። ከዚህ ደግሞ አምስተኛውን ስማው።" ተጫነች። ያ ጣፋጭ ነበር። "አንደኛና አምስተኛ ሁልጊዜ ይስማማሉ።"

"ጎረቤት ይጣላል በይኛ" አለ አባዬ። "እኛስ?"

"እኛ ምን ጎረቤት ነን? አንተ አንደኛ ፎቅ፣ እኔ አምስተኛ።"

አባዬ ላብ በላብ ሆነ። ትኩሳት መስሎኝ ግንባሩን ነካሁት።

እንግዲህ ካርዶቹ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቀለም ተጨመረ። ቢጫ። አረንጓዴ። ስድስቱ ቀይ። ሳቂታዋ "118፣ ቀይ" ሆነች። በክር የተንጠለጠለ ካርድ፣ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ቀይ። የአባዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንጓውን ይዛ አይደል እንዴ የምትጽፈው? ሸክላው ላይ የምታንጠለጥለው እኔ እንዳላውቅ ነው።

ጥርጣሬ ቢኖረኝ እንኳ ሐሙስ ዕለት ጠፋ። ውሃ እንዳመጣ ልከውኝ በሩ ጋ ስደርስ ያወራሉ።

"ከዘጠና ተነስ" ትለዋለች። "ቀስ እያልክ ውጣ። በአንዴ መቶ ሠላሳ ከገባህ አለቀልህ።"

"እፈራለሁ።"

"እሁድ ያልፋል።"

"ካላለፈስ?"

"ካላለፈ ሌላ መላ እንፈልጋለን።"

አባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለልጅቷ ምን ልበላት?"

"እስከ እሁድ ምንም እንዳትላት። ከዚያ ሁለታችንም ሆነን እንነግራታለን። በአንዴ አትችለውም።"

ውሃው ከብርጭቆው እየፈሰሰ እግሬን አረጠበኝ። ሊነግሩኝ የነበረው ልንጋባ ነው ብለው ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ አባዬ እሁድ ሊሞት ነው።

ሰው ምን ያደርጋል? በእናቴ ጊዜ ትንሽ ነበርኩ፣ ምንም አላደረግኩም። አሁን ሰባት ዓመቴ ነው፣ ቁጥር አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሱቅ ሲሄድ ላጲስ ይዤ ሸክላዎቹ ክፍል ገባሁ። ቀዮቹን ስድስት ካርዶች ብቻ ለየሁ። ቁጥሩ ላይ የመሃሏን እያጠፋሁ ዜሮ አደረግኳት። 124 ነበር፣ 104 ሆነ። 118 ነበር፣ 108 ሆነ። ምላሴን አውጥቼ፣ ዜሮዋን እያሳመርኩ። ሁሉንም እኩል ብቀንሳቸው ኖሮ አባዬ ምንም አይሆንም ነበር። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ቢጫና አረንጓዴ ደግሞ ሰው አይገድልም። ስጨርስ የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አልኩት። ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

*

እሁድ ከሰዓት በኋላ። አዳራሹ ሠርገኛ ሞልቶበታል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አባዬ መድረኩ ላይ፣ እኔ ከስፒከሩ ጀርባ ወንበር ላይ፣ ሲስተር ከመድረኩ ሥር። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ሰዓቷን ቀሚሱ ላይ ሰክታዋለች። ባለ አዳራሹ ከኋላ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል።

አባዬ ከዘጠና ተነሳ። አንዱ ዘፈን ሌላው ውስጥ ሲገባ አይታወቅም ነበር። ሰው ጫማውን አወለቀ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሁለት እጁን አንስቶ ሃያ ደቂቃ አላወረደም። የሙሽራዋ አክስት "ኧረ ይሄ ልጅ አያሳርፍም እንዴ!" እያለች ትዞራለች። ባለ አዳራሹ በእግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ። ሲስተር ይሄን አይታ ለአባዬ ጣቷን ከፍ አደረገችለት።

"ጋሽ ቀስ በቀስ" እየሄደ ነው። መቶ ስድስት። አባዬ ቀጣዩን ካርድ አየ። ሳቂታዋ፣ መቶ ስምንት፣ ቀይ። ቤታቸው ይስማማል፣ ልዩነታቸው ሁለት ነው። ማዳመጫው አንድ ጆሮው ከሞተ ቆይቷል፣ ስፒከሩ ደግሞ ይጮሃል። ካርዱን አምኖ ለቀቃት።

ሁለት በቅሎ በአንድ ጋሪ ጠምዶ እንደመግረፍ ነበር። ከበሮው ተደነቃቀፈ። አባዬ ደነገጠ። ሳቂታዋ በመቶ ስምንት ነው ያለችው፣ ስለዚህ የዘገየው ጋሽ ቀስ በቀስ መሆን አለበት፤ መቀየሪያዋን እስከ ጥግ ገፋት። ሽማግሌው ዘፋኝ ሕፃን ሆኖ ማልቀስ ጀመረ። በዚህ መሃል ሴትየዋ ሳቀች። በአዳራሹ ሰው ሁሉ ላይ ነው የሳቀችው።

ወፍራሙ ሰውዬ እጁን አወረደ።

"ዝጋው!" አለች ሲስተር። "ሁለቱንም ዝጋ!"

ዘጋው። ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ሰው ተቀመጠ። አባዬ ማይኩን አነሳ፤ አፉን ከፈተ፤ ወዴት እንደምንሄድ ጠፋው።

ባለ አዳራሹ ብርጭቆውን አስቀምጦ መጣ። "እየሄድክልኝ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

"ጋሼ፣ አንድ ዕድል..."

"ተቀመጡ እኮ። እያቸው።"

እኔስ? እኔ ደስ ብሎኛል። አባዬ ቆሟል፣ ይተነፍሳል። እሁድ ሊያልፍ ነው።

ሲስተር መድረኩ ላይ ወጥታ ካርዱን አነሳች። ዓይኗ ጋ አስጠጋችው። ወረቀቱ ከመላጡ የተነሳ ሳስቷል፤ ዜሮዋ ከሌሎቹ ቁጥሮች ትበልጣለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ። ፈገግ አልኩላት።

"የኔ ጥፋት ነው" አለችው ለአባዬ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"አንቺ?"

"አዎ።"

"አንቺ ቁጥር ትሳሳቺያለሽ? በዚህ እጅሽ ነው ሰው የምታክሚው?" ጮኸ። አባዬ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። "አደራ ብዬሽ! በአንድ ቁጥር ጉድ ሠራሽኝ!"

ሲስተር ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ወረደች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አላለችም።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ይገባኛል፤ ዳነ ማለት ነው። ነርስ የዳነ ሰው ቤት ምን ትሠራለች? ጎረቤት ላሉት ልጆች ሁሉ "አባዬን ያዳንኩት እኔ ነኝ" ብዬ ነገርኳቸው። አንዷ "በምን?" አለችኝ። "በላጲስ።"

*

ቀጣይዋ ተማሪ ስልክ ደውላ ቀረች። እሰየው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። የዳነው አባቴ አይበላም። ሸክላ አያጫውትም። ሰው ሬዲዮውን ሊወስድ ሲመጣ ያልተጠገነውን ይሰጠዋል። ደረጃው ላይ ኮቴ ሲሰማ ይነሳል፣ ኮቴው ሲያልፍ ይቀመጣል። "አባዬ፣ ብላ" ስለው "በላሁ" ይላል፤ ሳህኑ እንዳለ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ተከፍቷል። ልቆጥርለት ወሰንኩ። አንጓውን በአውራ ጣቴ ያዝኩ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

ምንም የለም።

ሌላ ቦታ ያዝኩ። ምንም። በሌላኛው እጁ ሞከርኩ። ምንም። እንዴት እንደሚያዝ ማንም አላሳየኝም፤ አጥንቱን ነበር የያዝኩት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አምስተኛ ፎቅ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። ሲስተር እስከ ክርኗ አረፋ ሆና ከፈተች፤ ልብስ እያጠበች ነበር።

"አባዬ የለውም!"

"ምኑን?"

"የሚቆጠረውን!"

ባዶ እግሯን ነው የሮጠችው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እሷ ቤት ገብታለች። ስገባ ተንበርክካ አንጓውን ይዛለች፤ አረፋው በክንዱ ላይ ይወርዳል። አባዬ ዓይኑን ገልጦ ያያታል።

"ምን ሆንሽ?" አላት።

ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እጁን አልለቀቀችም።

"ስንት ነው?" አልኳት ከበሩ ጋ።

እሱን እያየች "መቶ አስራ ስምንት" አለች።

አባዬ ሳቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ማልቀስ ጀመርኩ። "አጥፍቼው ነበር እኮ! ዜሮ አድርጌው ነበር! ቀዮቹን ሁሉ ዜሮ አድርጌያቸው ነበር፣ ተመልሶ መጣ! እንደ እማዬ ሊሆን ነው!"

አባዬ ቀስ ብሎ ወደ ሲስተር ዞረ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ላጲሱን ሳየው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰባት ዓመቷ ነው። ለምን እንዳደረገችው አላወቅኩም። አንተ ደግሞ አልጠየቅከኝም፣ ጮህክብኝ።"

አባዬ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት፣ ከእጁ ሥር። ተነስቶ ከወለሉ አነሳኝና ሳቂታዋን ማጫወቻው ላይ አደረጋት። እጄን ወስዶ ስፒከሩ ላይ ለጠፈው። "ይኸውልሽ፣ አለቃዬ። መቶ አስራ ስምንቷ ይቺ ናት። የኔ አይደለም። ይቺ ደግሞ አትሞትም፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ናት።" መዳፌ ሥር ድም ድም ይላል። መሃል ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ሳቀች፤ እሷንም በእጄ ሰማኋት።

ያን አዳራሽ አላገኘም። ሌላ ሰው አገኘው። አባዬ እስኪያረጅ ድረስ ሬዲዮ ጠገነ፤ በትንንሽ አዳራሾች ሰው ሳያስቀምጥ አጫወተ። አንድ ቀን እንኳ አዳራሹን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔ ነኝ የማነሳው። "ተይው" ይለኛል። "እዚያ ቢሆን ሴትየዋ መች በባዶ እግሯ ትሮጥልኝ ነበር?"

ሲስተር ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ፎቅ ወረደች። እናቴ ሆነች፤ ስሟ ግን እስካሁን ሲስተር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ለአባዬ ልቡ ላይ ባትሪ ገጠሙለት። ቀላል ነገር ነው ብለውናል። ልቡ እንዳይዘገይ ፍጥነቱን የምታስተካክል ናት። "በመጨረሻ እኔም መቀየሪያ ገባልኝ" ይላል። ስገባ ሲስተር አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አንጓውን ይዛለች። ከራስጌው በላይ ማሽኑ በትልልቁ ቁጥር ይጽፋል።

"ሲስተር፣ ማሽኑ ያሳያል እኮ" አልኳት።

"በእጄ ካልዳሰስኩ መቁጠር አልችልም።"

"ሰዓትሽ መኪናዬ ውስጥ ነው። በምን ትቆጥሪያለሽ?"

"ዝም በይ፣ አታሳስቺኝ።"

አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ "ስንት ነው?" አላት።

"መቶ አስራ ስምንት።"

ማሽኑ ስልሳ ይላል። ከኔ በስተቀር ያየው የለም።